ስትሄድ 17 ሰዓት፣ ስትመለስ 13

በጥር 2009 ዓ.ም. ተጋባን፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላን ባለቤቴን ቦሌ ሸኘኋት። በዲቪ ከወጣች ዓመታት ሆኗታል፤ የመጣችው ለሠርጋችን ነበር። የእኔ ቪዛ ገና ነው። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ርቀቱን አሰላሁት። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ዲሲ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትልቅ ጄት በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። እንግዲያው 13 ሰዓት ግድም ነው፤ ይሄማ ይቻላል አልኩ።

እሷ ግን የደረሰችው ከ17 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ምክንያቱ የገዛ ከተማችን ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም የተለመደ ጉልበታቸውን አያገኙም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰው ጭኖ፣ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅም ሞልቶ መነሣት ይቸግረዋል። እሷ የሄደችበት ደብሊን ላይ አርፎ ነዳጅ ቀድቷል። በዚያ ላይ በሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሂያጁን ይገፋዋል፣ ተመላሹን ግን ያግዘዋል። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ዝቅ ያለ ስለሆነ ወደ እኛ ሲመጣ በአንድ ትንፋሽ፣ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል።

ውድ አንባቢያን፣ እኛን የፈተነን ግን የበረራው ሰዓት አልነበረም፤ የግድግዳው ሰዓት ነው። በክረምታቸው ስምንት ሰዓት እንቀድማቸዋለን። እሷ አረጋውያንን በሚንከባከብ ቤት ትሠራ ነበር፤ በሥራ ላይ ስልክ አይያዝም። ለምሳ የምትወጣው እኩለ ቀን ላይ ሲሆን፣ እኔ ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እደውላለሁ፣ እናወራለን፣ አብረን እንጸልያለን። ከፈረንጅ ሰዓት ወደ ሐበሻ ስንቀይር የተምታታብን ቀን ባይጠፋም፣ ያው ስቀን አለፍነው።

በመጋቢት መጀመሪያ አንድ ሰኞ ደወልኩ፤ አላነሣችም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም። ማታ የምትልክልኝ መልእክት አጭርና ቀዝቃዛ ሆነ። እኔም አልጠየቅኋትም፤ አኮረፍኩ። ዓርብ ዕለት ፊቴን ያዩ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣

«ልጄ፣ ሙሽራዋ ደህና ናት?» አሉኝ።

«ስልክ አታነሣም፣ ጋሼ።»

«በስንት ሰዓት ነው የምትደውለው?»

ነገርኳቸው። ልጃቸው እዚያው አገር ናት፤ ሳቃቸው መጣ። «ባለፈው እሑድ እኮ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍተውታል!»

እውነት ነው፤ መጋቢት 3 ነበር የገፉት። ከዚያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ብቻ ይሆናል። ለካ እኔ ስደውል ምሳዋን ጨርሳ ሥራ ገብታለች። እሷም በየቀኑ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ጨብጣ ስትጠብቅ ሰንብታ፣ «ገና በሁለት ወሩ ረሳኝ» ብላ አዝናብኛለች። ሰዓቱ መቀየሩን ታውቃለች፤ እኔ እንደማላውቅ ግን አላሰበችም። እኔስ ብሆን አንድ ቃል ብጠይቃት ምን ነበረበት?

በማግስቱ ከመርካቶ ሁለተኛ የግድግዳ ሰዓት ገዝቼ ከኛው ጎን ሰቀልኩ፤ በእሷ አቆጣጠር የሚሄድ። እንግዳ ሁሉ «ይሄኛው ተበላሽቷል» ይለኛል።

በቀጣዩ ዓመት በጥር መጣች። እዚያ ረፋድ ላይ ተነሥታ ቦሌ በማግስቱ ጠዋት አረፈች። እኔ በሌሊት ደርሼ፣ የመድረሻ ሰሌዳውን እያየሁ ቆሜ ነበር።