ስትጮህ ደስ ትላለች

የመጀመሪያዋን የናይትሮ ሞተሬን የገደልኳት እኔው ነኝ። ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ተነስተን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የአጎቴ ልጅ ጋ በመኪና ስንሄድ የሪሞት መኪናዬንም ጭኜ ነበር። እዚያ ባዶ ፓርኪንግ ላይ ስለቃት፣ እንደዚያን ቀን ሮጣ አታውቅም። ጭሷ ጠፍቶ፣ ድምጿ ቀጥኖ ትጮሃለች። የአጎቴ ልጅ «ኧረ ይቺ ነገር ክንፍ አወጣች!» አለ። ሁለተኛው ታንክ ሳያልቅ ጸጥ አለች። ስፈታት ፒስተኗ በቁመቱ ተፋፍቋል።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ኦሮራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሌክሳንድሪያ ግን ከባሕሩ እምብዛም ከፍ አትልም። እኛ ጋ አየሩ ስስ ስለሆነ የነዳጁን ቪቴ ጠበቅ አድርጌ ነበር የምነዳት። ታች ስንወርድ አየሩ ወፈረ፣ ቪቴው ግን እንደጠበቀ ቀረ። ነዳጅ አነሳት።

ናይትሮ ላይ ነዳጅ አነሰ ማለት ደግሞ ዘይት አነሰ ማለት ነው። ይቺ ሞተር ለብቻው የዘይት ቋት የላትም። ዘይቱ ከሜታኖሉና ከናይትሮሜቴኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፣ ቀባብቶ በጭስ ማውጫ ይወጣል። ያ ሁላችንም የምንጠላው ጭስ የሞተሯ ዕድሜ ነው። ድብልቁ ሲቀጥን መጀመሪያ ፍጥነት ይጨምራል፣ ሙቀቱ ይወጣል፣ ከዚያ ትነክሳለች። ከሁሉ ይበልጥ የምታምረው ልትሞት ስትል ነው።

ጉልበቷ ከየት መጣ ለምትሉ፦ የኔዋ 3.5 ሲሲ ናት፣ የሻይ ማንኪያ እንኳ አትሞላም። ግን በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ትሽከረከራለች፤ ቱ ስትሮክ ስለሆነች በሰከንድ 500 ጊዜ ታቃጥላለች። ዋናው ምስጢር ነዳጁ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፣ ሜታኖል 6.5 ገደማ፣ ናይትሮሜቴን 1.7 ብቻ። ኦክስጅኑን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በዚያችው ጠባብ ሲሊንደር ውስጥ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል።

አሁን ብዙ ሰው የማያምነኝን ልንገራችሁ፤ ቅዝቃዜም ይገድላታል። ፒስተኗ እንደ ትልቁ መኪና ፋሻ የለውም። አሉሚኒየሙ ፒስተን ክሮም በተቀባ የነሐስ ካሚቻ ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ካሚቻው ወደ ላይ ሲሄድ ይጠባል። ቀዝቅዛ በእጅ ስታዞሯት ጫፍ ላይ ጥብቅ የምትለው ለዚህ ነው። ስትሞቅ ካሚቻው ከፒስተኑ ይበልጥ ይሰፋና መጠኑን ያገኛል። እና አዲስ ሞተር «ሮዳጅ ላይ ናት» ብሎ በነዳጅ እያጥለቀለቁ ቀዝቃዛ ማስኬድ፣ የድሮ ምክር ቢሆንም፣ ፒስተኑን በየዙሩ መፋቅና ቢየላውን መጎተት ነው። እኔ ከማስነሳቴ በፊት ጭንቅላቷን በባለቤቴ ፀጉር ማድረቂያ አሞቃለሁ። (ሁለተኛ ማድረቂያ መግዛት ነበረብኝ፤ ያም የሞተር ወጪ ነው።) ከዚያ ጭሱን እያየሁ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል አቆያታለሁ። ስጨርስ ቮላኖውን አዙሬ ፒስተኑን ታች አወርደዋለሁ፣ ካሚቻው ሲቀዘቅዝ እንዳይጨብጠው።

ሌላው አጭር ነው። የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ እጠቡ፣ ዘይት ቀቡት፤ አቧራ ከገባ ምንም ማስተካከያ አያድናትም። ታንክ ውስጥ ነዳጅ አታሳድሩ፤ ሜታኖል እርጥበት ይስባል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል። ከመተኛታችሁ በፊት በካርቡራቶሩ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጣል አድርጉ። ሁለተኛዋ ሞተሬ በዚህ አያያዝ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች።

«ለወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ልውሰድለት?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፦ ሞተሯ ትሠራለች፤ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ቪቴውን ከኔም ይበልጥ ማጥበቅ ነው። ነዳጁን ግን አውሮፕላን ላይ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ሜታኖል ደግሞ መርዝ ነው፤ ነበልባሉም ቀን በፀሐይ አይታይም። ለልጅ ኤሌክትሪኩን ውሰዱለት።