ከአረንጓዴው ሥር ያለው ቢጫ

ሐረር ላይ ቅጠል የሚወይበው ብርድ ስለገባ አይደለም። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የቀኑ ማጠርና ብርዱ ተደራርበው ጫካውን በጥቂት ሳምንታት ቢጫና ቀይ ያደርጉታል። የውሃ ቀለም ማስተማሪያ መጻሕፍት ላይ የምናየውም አብዛኛውን ጊዜ ያንን ቅጠል ነው። በሐረር ዙሪያ ግን ሥራው የድርቀትና የዕድሜ ነው። ዝናቡ ቆሞ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ፍሬ ተሸክሞ የከረመው ዛፍ ያረጁ ቅጠሎቹን እያወየበ ያራግፋል። ለጀማሪ ሠዓሊ ይህ ቅጠል ይበቃዋል፤ ጠርዙ ሞገደኛ ነው፣ ጅማቶቹም ጎልተው ይታያሉ። ደረቁን ቅጠል ደግሞ ሐረሮች አመስ አድርገው ቁጢ ያፈሉበታል።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ያየውን ቀለም በጥብጦ ቅጠሉን በአንድ ጊዜ መሙላት ነው። ያኔ ቅርጹ ትክክል ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ፕላስቲክ ይመስላል። እውነተኛው ቅጠል ቀለሙ ላዩ ላይ የተለጠፈ አይደለም። ብርሃን ወደ ውስጥ ይገባል፣ በሴሎቹና በመካከላቸው ባለው አየር እየተንገላታ ይበተናል፣ ከፊሉ እዚያው ተመጥጦ ይቀራል፤ ዓይናችን የሚያየው ተመልሶ የወጣውን ነው። የውሃ ቀለምም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ደቃቅ የቀለም ዱቄት፣ ውሃና የግራር ሙጫ ነው፤ ሙጫው በአገራችን ቆላማ አካባቢዎች ከሚበቅሉ ግራሮችም ይለቀማል። ውሃው ሲተን ሙጫው ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ ይይዘዋል። ብርሃኑ ስሱን ቀለም አልፎ ነጩን ወረቀት ይመታና በዚያው ቀለም በኩል ይመለሳል። ስለዚህ ብርሃኑ የሚመጣው ከወረቀቱ ነው፤ የቱ ቀለም ከሥር፣ የቱ ከላይ እንደሚሆንም መታወቅ አለበት።

ቅደም ተከተሉን ቅጠሉ ራሱ ይነግረናል። ቢጫው፣ ማለትም ካሮቲኖይድ የሚባለው ንጥረ ነገር፣ ቅጠሉ ለምለም በነበረበት ጊዜም እዚያው ነበር፤ አረንጓዴው ክሎሮፊል በብዛቱ ስለሸፈነው ነው ያልታየው። ቅጠሉ ሲያረጅ ተክሉ ክሎሮፊሉን አፍርሶ፣ በቅጠሉ ውስጥ የነበረውን ናይትሮጅን ወደ ግንዱ ይመልሳል። ያኔ ቢጫው ይገለጣል። ሠዓሊውም ከቢጫው ይጀምር፦ መላውን ቅጠል በቀጭን ቢጫ ይቀባና በደንብ እስኪደርቅ ይታገሥ። የቡና ቅጠል ስለሚያብረቀርቅ፣ ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ሳይነካ ነጩን ወረቀት ይተወው። አረንጓዴው ከዚያ በኋላ ይደረባል፤ የሚደረበው ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። የሚወይብ ቅጠል ቀረብ ተብሎ ሲታይ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኖ በጅማቶቹ ግራና ቀኝ አረንጓዴው ቆይቶ ይገኛል። ንጥረ ነገሩ ወደ ግንዱ የሚመለሰው በጅማቶቹ በኩል ስለሆነ፣ በአጠገባቸው ያሉት ሴሎች ዘግይተው ነው የሚያረጁት። ይህን ያስተዋለ ሰው ጅማቱን በጥቁር መስመር መሣል አያስፈልገውም።

ቀዩ ከቢጫው ይለያል። አንቶሳያኒን የሚባለው ቀይ ቀለም፣ በሚወይቡ ቅጠሎች ላይ ሲታይ፣ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ አዲስ የሚሠራና በሴሉ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነው። በሥዕሉም በመጨረሻ ይመጣል፤ ቦታውን በንጹሕ ውሃ አርሶ ቀዩን ጠብ ሲያደርጉበት ወሰን ሳያበጅ ይሰራጫል። ቡናማው ደግሞ የሞተ ሴል ምልክት ነው። ለእሱ ተስማሚው በቀለም ሣጥን ውስጥ ቡርንት ሲየና ተብሎ የሚሸጠው ነው፤ መሠረቱ የብረት ኦክሳይድ ያለበት አፈር ነው። ቢጫ አፈር ሲቃጠል በውስጡ የያዘውን ውሃ አጥቶ ይቀላል። ሐረር ይህን የቀለም ቤተሰብ ጠንቅቃ ታውቀዋለች፦ በጁገል ውስጥ ባለው የሐረሪዎች ቤት፣ በጌይ ጋር፣ ወለሉና መደቡ የሚቀባው በቀይ አፈር ነው፤ ቅላቱም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። የቅጠሉ ቀለም ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይደበዝዛል፤ የብረቱ ቀለም ግን አይለቅም።

ጀማሪውን የሚያናድደው ሌላው ነገር፣ ቀለሙ ሲደርቅ በዳሩ የሚወጣው ጠቆር ያለ መስመር ነው። ምክንያቱን በ1997 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ አብራርተውታል፤ መነሻቸውም ጠረጴዛ ላይ የደረቀ የቡና ጠብታ ነበር። የጠብታው ዳር ወረቀቱን ይዞ አይንቀሳቀስም፤ እዚያ ያለው ውሃ ቶሎ ስለሚተን የጎደለውን ለመተካት ከመሐል ፈሳሽ ይሄዳል፣ ደቃቁን ዱቄትም ይዞት ሄዶ ዳር ላይ ይከምረዋል። በበጋው ደረቅ አየር ቀለሙ ፈጥኖ ስለሚደርቅ መስመሩን ለማለስለስ ጊዜው አጭር ነው፤ ሳይደርቅ ዳሩን በእርጥብ ብሩሽ መዳሰስ ይበቃል። ለቅጠሉ ውጫዊ ጠርዝ ግን መስመሩ ይጠቅማል፣ ይተውለት።

ይህ ሁሉ ላረጀ ቅጠል ነው። በሐረር ገበያ የሚሸጠውን የጫት ቀንበጥ ለመሣል የተነሣ ሰው ቅደም ተከተሉን ይቀይር። የቀንበጡ ቅላት የእርጅና አይደለም፤ ለጋው ቅጠል ክሎሮፊሉ ገና ሳይሞላ አንቶሳያኒኑ ከኃይለኛ ብርሃን ይከልለዋል ተብሎ ይታሰባል። ቀዩ እየቀነሰ አረንጓዴው የሚበዛው ቅጠሉ ሲጠነክር ነው። እዚህ ላይ ቀዩ ቀድሞ ይቀባል፣ አረንጓዴው ከታች ከእንጨቱ በኩል እየገባ ይደረባል። ስለዚህ ብሩሹ ውሃ ሳይነካ በፊት መጠየቅ ያለበት ቅጠሉ ምን ዓይነት ቀለም አለው ሳይሆን ዕድሜው ስንት ነው የሚለው ነው።