አሮጌ ከርነል፣ አዲስ እራፊ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2023 ቅዳሜ ነበር። የዴቢያን ሊኑክስ አዘጋጆች 12.3 የተባለውን እትም ለማውጣት ሽር ጉድ ላይ ሳሉ ክፉ ወሬ ደረሰ። ከእትሙ ጋር የተዘጋጀው 6.1.64 ከርነል፣ ኤክስት4 በተባለው ፋይል ሲስተም ላይ ያለን ዳታ ሊያበላሽ እንደሚችል ታወቀ። የመጫኛ ምስሎቹ ታገዱ፤ ተጠቃሚዎችም ለጊዜው ማሽኖቻቸውን አፕግሬድ እንዳያደርጉ ተነገራቸው።

ነገሩን ለመረዳት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማሰብ ይበቃል። ከርነል የኮምፒውተሩን አካላትና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኝ የሥርዓቱ እምብርት ነው፤ ፋይል ሲስተም ደግሞ የዚሁ ከርነል መዝገብ ቤት። የባንክ ሒሳብ ይሁን የሆስፒታል ካርድ፣ በሰርቨሩ ዲስክ ላይ የሚጻፍ ሁሉ በመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እጅ ያልፋል። ብሮውዘር ቢዘጋ ተመልሶ ይከፈታል። መዝገብ ቤቱ ግን ወረቀቱን የሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ቢከት ማንም አይጮኽም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ፣ መዝገቡ ሲፈለግ ነው። እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ የሚወሰደው መጠባበቂያ ቅጂም የተበላሸውን በታማኝነት ሲገለብጥ ይከርማል።

መብራት ድንገት ቢጠፋስ? ለዚህ እንኳ መላ ተበጅቶለታል። ኤክስት4ም ሆነ ኤክስኤፍኤስ የተባለው ሌላ ፋይል ሲስተም በመዝገቡ አደረጃጀት ላይ ለውጥ ከማድረጋቸው በፊት ሊሠሩ ያሰቡትን በአንድ ማስታወሻ ላይ ያሰፍራሉ፤ መብራቱ ሲመጣ ማስታወሻውን አንብበው የተጀመረውን ይጨርሳሉ ወይም ይተዉታል። ስህተቱ የራሱ የከርነሉ ሲሆን ግን ማስታወሻው አያድንም።

የ6.1.64 ስህተት እንዲህ ነበር። ለአዲሱ ከርነል ታስቦ የተጻፈ አንድ የኤክስት4 ማስተካከያ ለአሮጌው 6.1ም ይጠቅማል ተብሎ ተወሰደ። ማስተካከያው ግን ቀደም ብሎ በሌላ የከርነሉ ክፍል ውስጥ የገባ ለውጥ መኖሩን ታሳቢ ያደረገ ነበር፤ ያ ለውጥ 6.1 ውስጥ የለም። በዚህ ምክንያት አንድ ፕሮግራም በቀጥታ ወደ ዲስኩ ሲጽፍ፣ «እዚህ ድረስ ጽፌያለሁ» የሚለው ጠቋሚ አንዴ መራመድ ሲገባው ሁለቴ ይራመዳል። ቀጣዩ ጽሑፍ ቦታውን ስቶ ያርፋል።

ሁለቱንም ለውጦች የያዙት አዳዲስ ከርነሎች ምንም አልሆኑም። ችግሩ ያገኘው ለጥንቃቄ ሲል አሮጌውን የመረጠውን ሰው ነው።

ብዙ ባለሙያ «ለሥራ ማሽን አሮጌውን ያዝ» ሲል የሚዘነጋው ይህንን ነው። አዲስ ከርነል በየዘጠኝ ወይም በየአሥር ሳምንቱ ይወጣል፤ በዓመት አንዱ ተመርጦ ለዓመታት እንዲጠገን ይደረጋል። 6.1 የወጣው በዲሴምበር 2022 ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 64 የሚያሳየው በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ስልሳ አራት ጊዜ እንደተጣፈ ነው። ስሙ አሮጌ ይሁን እንጂ ልብሱ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አዲስ እራፊ ይሰፋበታል። እራፊው የጸጥታ ቀዳዳ ስለሚደፍን ያለ እሱ መኖርም አይቻልም። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ከርነሉ ስንት ዓመቱ ነው የሚለው ሳይሆን፣ እራፊውን ማን ሰፋው፣ ከሰፋውስ በኋላ ማን ጎትቶ ሞከረው የሚለው ነው።

የኤክስኤፍኤስ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የራሳቸው መልስ አላቸው። ማስተካከያዎች በራስ ሰር እየተለቀሙ ወደ አሮጌ ከርነሎች እንዲገቡ አይፈልጉም፤ እያንዳንዱን ራሳቸው መርጠው፣ ኤክስኤፍኤስቴስትስ በተባለው የፈተና ስብስብ ደጋግመው ካስሮጡት በኋላ ነው የሚያሳልፉት። ሬድ ሃትም በበኩሉ የ9ኛ እትሙን ከርነል 5.14 እያለ ይጠራዋል፤ ውስጡ ግን ከኋላ በመጡ ለውጦች የተሞላ ነው። የፈተናውን ኃላፊነት የወሰደው ራሱ ኩባንያው ነው። ስለዚህ የሁለት ድርጅቶችን ከርነል በቁጥር ብቻ ማወዳደር ትርጉም የለውም።

መዝገብ ቤቱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ የሚወቀስበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በ4.19 ከርነል ላይ ኤክስት4 ዳታ አበላሸ ተብሎ ሳምንታት ያለፉበት ፍለጋ ተካሄደ። ጥፋተኛው ግን ከሥሩ ያለው፣ የመጻፍ ጥያቄዎችን ተቀብሎ ለዲስኩ የሚያደርሰው ክፍል ሆኖ ተገኘ። «ፋይል ሲስተሜ አስተማማኝ ነው» ብሎ መኩራት፣ ተላላኪውን ሳያዩ መዝገብ ቤቱን ማመስገን ነው።

አዲስ ነገር አሳዳጆችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በማርች 2021 የ5.12 የመጀመሪያ የሙከራ እትም ስዋፕ ፋይል ለሚጠቀሙ ማሽኖች መርዝ ሆነ፤ ከሜሞሪ ወጥቶ ስዋፕ ፋይሉ ውስጥ ማረፍ የነበረበት ነገር ፋይል ሲስተሙ መጀመሪያ ላይ ይጻፍ ነበር። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እትሙን በይፋ «አትጠቀሙ» የሚል ቅጽል ለጠፈበት። ቢካሽኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም ደግሞ በጃንዋሪ 2024 በ6.7 ገብቶ፣ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ2025 ከ6.18 ተወግዷል። በእሱ ላይ የድርጅቱን ዳታ ያስቀመጠ ሰው ሁለተኛ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ቢቲአርኤፍኤስ በተባለው ፋይል ሲስተም ላይ ግዙፎቹ የሊኑክስ አቅራቢዎች እንኳ አይስማሙም። ሱሰ ለሥርዓቱ ዋና ክፍል ቀዳሚ ምርጫው አድርጎታል፤ ሬድ ሃት ከ8ኛ እትሙ ጀምሮ አውጥቶታል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሱሰ ጉዳዩን የሚያውቁ መሐንዲሶች ይዟል። ስለዚህ ሱሰ ለሚጠቀም ቢቲአርኤፍኤስ፣ ሬድ ሃት ለሚጠቀም ኤክስኤፍኤስ፣ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ለሚጠቀም ኤክስት4 መምረጥ ከአቅራቢው ጋር በአንድ መንገድ መሄድ ነው። ስህተት ቢመጣ አብሮ የሚደነግጥ ብዙ ሰው ይኖራል፤ ማስተካከያውም ቶሎ ይደርሳል።

ወደዚያ ቅዳሜ እንመለስ። በዴቢያን ማሽን ላይ የከርነሉ ቁጥር ሲጠየቅ የሚወጣው 6.1.64 አልነበረም፤ 6.1.0-14 ነበር። ልዩነቱን ያላወቀ ሰው ማስጠንቀቂያውን አንብቦ «የኔ አይደለም» ብሎ ሊያልፍ ይችል ነበር። አፕዴቱ በራሱ ጊዜ የገባባቸው፣ ግን ሪስታርት ያልተደረጉ ማሽኖች ገና በቀድሞው 6.1.0-13 ላይ ስለነበሩ ዳኑ፤ ስንፍና ለአንድ ቀን ጠቀመ። ሪስታርት ያደረገም ቢሆን ማሽኑ ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞውን ከርነል መምረጥ ይችል ነበር፣ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ካላጠፋው። አፕዴትን መጀመሪያ በአንድ ለሙከራ በተለየ ማሽን፣ ከዚያ በጥቂቶች፣ ከቀናት በኋላ በቀሪዎቹ ላይ የሚያስገቡ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ቅዳሜ በዜና ብቻ ያሳልፉታል።

እሑድ ዕለት ዴቢያን 12.3ን ዘሎ 12.4ን አወጣ፤ ከርነሉ 6.1.66 ነበር። ኤክስት4 ተስተካከለ። በምትኩ የአንዳንድ ላፕቶፖች ዋይፋይ አስቸገረና 6.1.67 ተከተለ። ሰርቨሮቹ በኬብል ስለሚሠሩ የዋይፋዩ ችግር ግድ አላላቸውም።