የውሻው ድርሻ ከሽንኩርቱ በፊት

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጉንደ ወይን ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የጎንቻ ሲሶ እነሴ ቀበሌዎች ውሻ የሌለበት ግቢ እምብዛም አይገኝም። ሌሊት ጅብን፣ ቀን ዝንጀሮን ይመልሳል፤ ከእረኛው ጋር ከበግ ኋላ ይውላል። ደሞዙ ትራፊ ነው። ገበታ ሲነሳ የእንጀራ ፍርፋሪውና የወጡ ጥራጊ በገል ላይ ይደፋለታል፤ ካልተረፈ እሱም ጦሙን ያድራል።

ለጤነኛ ጎልማሳ ውሻ ይህ አመጋገብ የሚመስለውን ያህል መጥፎ አይደለም። ውሻ ከሰው ጋር ከኖረበት ዘመን ጀምሮ እህል መፍጨትን ተምሯል። በ2013 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ውሻ ስታርችን የሚሰባብረውን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረመል ቅጂዎች ከተኩላ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡበት አሳይቷል። ስለዚህ ጤፍም ገብስም ይስማማዋል። ችግሩ ውሻው የሚበላው በራሱ ሆድ ሳይሆን በቤቱ የቀን መቁጠሪያ መሆኑ ነው። ቤቱ ሲጾም ይጾማል፣ ቤቱ ሲፈስክ ይፈስካል። ያረገዘች፣ የምታጠባ፣ ገና ጥርስ የምታወጣ ወይም ያረጀች ብትሆንም ድርሻዋ ያው ነው።

እስቲ በስሌት እንየው። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው። ጥር 1 ቀን የተጠቃች ውሻ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ትወልዳለች። ወተቷ ከፍተኛ መጠን የሚደርሰው ከወለደች ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በሁዳዴ መሐል ይውላል። 15 ኪሎ የምትመዝን፣ ስትሮጥ የምትውል ውሻ በአዘቦቱ ቀን ከ900 እስከ 1000 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋታል፤ በእንጀራ ቢታሰብ ወደ ሁለት ሙሉ እንጀራ ይጠጋል። አምስትና ስድስት ቡችላ ስታጠባ ግን ፍላጎቷ ሁለት ተኩል፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ይሆናል። አምስት እንጀራ ቢሰጣት እንኳ ከግማሽ በላዩ ውሃ ስለሆነ ሆዷ አይችለውም። ከራሷ ሥጋና አጥንት እየቀነሰች ታጠባለች፤ ጎኗ የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ሰው «ወልዳ ከሳች» ብሎ ያልፋታል። ከመውለዷ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሦስት ሳምንታትም ምግቧ ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል መጨመር ነበረበት።

መፍትሔው ደግሞ ከሌላ አገር አይመጣም። ጾም የሚይዘው ሰውን እንጂ ላሟንና ዶሮዋን አይደለም። በሁዳዴ ቅቤው ለፋሲካ ይጠራቀማል፤ አሬራውና አጓቱ ግን ከሕፃናትና ከጥጃ አልፎ ጠጪ የለውም። እርሾ ስለያዘውና ከወተት ስኳሩ ስለቀነሰ አሬራ ለጎልማሳ ውሻ ሆድ ከጥሬ ወተት ይሻላል። የተቀቀለ እንቁላል ሲጨመርበት ምርጥ ፕሮቲን ነው። እንቁላሉ ለገበያ ከሆነ የአተር ወይም የምስር ክክ ቀቅሎ ከድርቆሽ ጋር መለወስ ይቻላል። ጎጃም የሚያመርተው ኑግ ደግሞ ዘይቱ ውሻ በራሱ ሊሠራው የማይችለው የስብ ዓይነት የሞላበት ነው፤ አንድ ሾርባ ማንኪያ ከ100 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይይዛል። ለምታጠባ ውሻ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዘይቱ በትንሽ በትንሹ መስጠት ከአንድ ትልቅ ገል ፍርፋሪ ይበልጣል። ግብጦ ግን አይሆንም። ለሰው እንኳ ቀናት ሙሉ በውሃ ሳይታጠብ የማይበላ መራራ መርዝ አለው። ጓያንም የየዕለት ምግብ ማድረግ አይገባም።

ዋናው ምክር ግን ስለ ሰዓቱ ነው፤ የውሻው ድርሻ ከድስቱ የሚወጣው ሽንኩርቱ ሳይገባ ነው። ወጣችን በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የቆመ ነው፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራሉ። ማብሰሉም ማድረቁም መርዙን አያጠፋውም፤ ምጥን ሽሮና በርበሬ ውስጥ የገባው ደረቅ ሽንኩርት እንዲያውም የጠነከረ ነው። ውሻ በአንድ ጊዜ ከሰውነቱ ክብደት 0.5 በመቶ ያህል ሽንኩርት ከበላ ሊታመም ይችላል። ለ15 ኪሎ ውሻ ይህ 75 ግራም፣ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ነው። የአገራችን ውሾች ወጥ የነካው እንጀራ እየበሉ መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ጥቂት ፍርፋሪ አይገድልም። የሚያሠጋው የዶሮ ወጥ ድስት ሙልጭ ተደርጎ ሲሰጥና ትንሹም በየቀኑ ሲደጋገም ነው። ምልክቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይመጣል፦ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይደክማል። የጠላ አተላ፣ የቦካ ሊጥና የቡና አተላም ለውሻ አይደፉም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያሰክሩታል፣ ሦስተኛው ልቡን ያስሮጠዋል።

ፋሲካ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። 55 ቀን ድርቆሽ የበላ ሆድ በአንድ ሌሊት ሞራ፣ አንጀትና የዶሮ አጥንት ይወርድበታል። ትውከትና ተቅማጥ ይከተላል፤ አንዳንዱ ቆሽቱ ተቆጥቶ ሆዱን አጎንብሶ ይተኛል። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ እንደ መርፌ ይሰነጠቃል። በሬ ወይም በግ ሲታረድ ለውሻው የሚሆነው ደህና መሆኑ ታይቶ ከልክ በላይ ያልተሰጠ፣ በደንብ የተቀቀለ ሳንባና ጨጓራ ነው።

ቡችሎችን በተመለከተ አጭር ነው። እስከ ሦስተኛው ሳምንት የእናታቸው ወተት ብቻ ይበቃቸዋል፤ ከዚያ በአሬራ የራሰ ለስላሳ ፍትፍት ይለምዳሉ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጡት ይተዋሉ። እናቱ የሞተችበትን ቡችላ በላም ወተት ብቻ ማሳደግ ያስቸግራል፤ የውሻ ወተት በፕሮቲንም በስብም ከላም ወተት እጥፍ ነው። በላም ወተቱ ላይ የእንቁላል አስኳል መጨመር ክፍተቱን ያጠባል፤ እስከ ስድስት ወር በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይበላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የፈረንጅ ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች የሚፈጽሙት ስህተት ደግሞ የተለየ ነው፤ ለቡችላው ሥጋ ብቻ ይሰጣሉ። ሥጋ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፣ ፎስፎረሱ ግን ብዙ ነው፤ ሰውነቱ ጉድለቱን ከአጥንቱ ስለሚቆርጥ እግሩ ይጣመማል። አንድ የሻይ ማንኪያ የላመ የእንቁላል ቅርፊት ወደ ሁለት ግራም ካልሲየም ይሰጣል፤ የሚያድነው ይኼ ርካሽ ነገር ነው።

ያረጀ ውሻ ጥርሱ ሲደክም ድርቆሹን በሙቅ ውሃ አርሶ መስጠት ነው። አርጅቷል ተብሎ ፕሮቲኑ አይቀነስበትም፤ ጡንቻው የሚያልቀው ያኔ ነውና። ብዙ እየጠጣ ብዙ የሚሸና ከሆነ ኩላሊቱን የእንስሳት ሐኪም ይየው። «ውሻ ከጠገበ ይተኛል፣ አይጠብቅም» የሚሉ አሉ። የተራበ ውሻ ግን የሚጮኸው ለጅቡ ሳይሆን ለሽታው ነው፤ ግቢውን ጥሎ ሬሳ ፍለጋ ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው የውሻው ረሃብ የቤተሰቡ በሽታ የሚሆነው።

የበግና የከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ይታያሉ። አራጁ ቆርጦ ለውሻው ሲወረውረው በእያንዳንዱ እብጠት ውስጥ ያሉት እንቁላል መሰል ራሶች በውሻው አንጀት ውስጥ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ትናንሽ የኮሶ ትሎች ይሆናሉ። ውሻው ከዓይነ ምድሩ ጋር የሚያወጣው የትል እንቁላል ከሣሩ ወደ በጉ፣ ከእጅ ወደ ልጁ ይገባል፤ በሰው ጉበት ውስጥ ለዓመታት ያድጋል። በጎች በአዙሪት መዞር ሲጀምሩም የሞተውን በግ ጭንቅላት ለውሻ የመስጠት ልማድ ይኖራል፤ ሌላ ዓይነት የኮሶ ትል ከአንጎል ወደ ውሻ፣ ከውሻ መልሶ ወደ መንጋው የሚዞረው በዚሁ ነው። አይስላንድም አንድ ጊዜ የጉበት እብጠት በሚያመጣው በመጀመሪያው ትል ተመትታ ነበር። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ሐራልድ ክራቤ በዚያ 100 ውሾችን መርምሮ በ28ቱ ትሉን አገኘ፤ በ1864 እ.ኤ.አ. የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ በየቤቱ በነጻ ታደለ። በሽታው ከደሴቲቱ የጠፋው ሰዎች የታመመውን ሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠት ትተው መቅበርና ማቃጠል ሲጀምሩ፣ ሕግም ሲደግፋቸው ነው። እኛም ልንሠራው የሚገባው ያው ነው፦ እብጠት ያለበትን ጠለቅ አድርጎ መቅበር፣ ለውሻው በእንስሳት ሐኪም መመሪያ የኮሶ መድኃኒት በየጊዜው መስጠት።

የቤተሰቡ ሥጋት ትል ብቻ አይደለም፤ ውሻ ድንገት ምግብ ከተወ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መንጋጋው ከወረደና መዋጥ ካቃተው ብዙዎች «አጥንት ተቀርቅሮበታል» ብለው እጃቸውን ወደ አፉ ይሰዳሉ። የእብድ ውሻ በሽታ እንዲህ ሊጀምር ይችላልና እጅ አይገባም፤ ውሻውን ሳይነኩ ዘግቶበት የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። ለሃጩ የነካው ወይም የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያጥብ፤ ውሻው እስኪታይ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።