የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ የማን ነው?

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሬዲዮ ማሰራጫ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በኤፍኤም 91.5፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ99.4 ጣቢያ አላቸው። ሁለቱም የሚጠሩት በማኅበረሰብ ሬዲዮነት ነው። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 ጣቢያዎችን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ሲከፍል ለዩኒቨርሲቲ የቀረበው በር ሦስተኛው ነበር። ሆኖም አንድ ያልጠራ ነገር ቀረ። በወረቀት ላይ ጣቢያው የአድማጩ ነው፤ ደመወዝ የሚከፍለው፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅ የሚገዛውና ሥራ አስኪያጁን የሚሾመው ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። እንደ እኔ እምነት የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮን ከገንዘብና ከዕቃ እጥረት በላይ የሚጥለው ይህ ነው። ነገሩን ለመመዘን አዲስ አበባ አትመችም፤ አድማጩ አንዱን ጣቢያ ቢጠላ ሌላ ይከፍታል። የተሻለው መፈተኛ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ አሶሳ ነው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው በየቤቱ የሚያወራው በራሱ ቋንቋ ነው። በአሶሳ ዙሪያ ኦሮምኛና ዓረብኛም ይሰማሉ። በጾሬ መጠለያ ደግሞ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ሰዎች ይኖራሉ። ለንግድ ሬዲዮ ይህ አድማጭ አያዋጣም፤ በበርታኛ የሚነገር ማስታወቂያ የሚገዛ የሳሙና ፋብሪካ በቀላሉ አይገኝም። የክልል መገናኛ ብዙኃን ቢኖርም፣ ክልሉን በሙሉ የማዳረስ ግዴታ ያለበት ተቋም ለአንድ ወረዳ ማንጎ ግማሽ ሰዓት ለመስጠት ይቸግረዋል። ዩኒቨርሲቲ ግን ይችላል፤ የሚችለው ግን አቅሙን ካወቀ ነው። የኤፍኤም ሞገድ የሚጓዘው በቀጥታ ነው። 100 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ አንቴና መሬቱ ሜዳ ከሆነ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ያዳርሳል፤ ኮረብታ ከጋረደው ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ የአየር ሰዓቱን ለአምስቱ ብሔረሰቦች እኩል ማካፈል ለስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያምር እንደሆነ እንጂ ለአድማጭ የሚፈይደው የለም። ሺናሻው በአብዛኛው ያለው ከዓባይ ማዶ፣ መተከል ውስጥ ነው፤ የአሶሳ ጣቢያ አይደርሰውም። «ይህማ አድልዎ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ማንም በማይሰማበት ሰዓትና ቦታ በሺናሽኛ ማሰራጨት ሺናሻውን አይጠቅመውም። እዚያው መተከል ላለ ማሰራጫ የተቀዳ ፕሮግራም መላክ ይሻላል።

ዩኒቨርሲቲን ለዚህ ሥራ የሚያበቃው አጥኚውም የቋንቋው ተናጋሪም በአንድ ግቢ መገኘታቸው ነው። ከአሜሪካ ቀደምት የዩኒቨርሲቲ ጣቢያዎች አንዱ የሆነው የዊስኮንሲኑ 9ኤክስኤም ከመቶ ዓመት በፊት የአየር ሁኔታና የገበያ ዋጋ ለገበሬ ያሰራጭ ነበር። አሶሳ ላይ ማንጎን እንውሰድ። የማንጎ ነጭ ተባይ በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ነው፤ በኋላ ወደዚህም ክልል ዘልቋል። ተባዩ ቅጠሉ ላይ ይለጠፋል፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ፍሬው ላይም ሮዝ ነጠብጣብ ስለሚተው ገዢ ያርቃል። ጥናቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሬዲዮ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ተመራማሪው ያስረዳል፤ በርታኛ ተናጋሪዋ ተማሪ መቅረጸ ድምፅ ይዛ ዛፉ ሥር ትሄድና የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚገረዝ፣ የተገረዘው የት እንደሚጣል ከባለማሳው ጋር እያወራች ትቀዳለች፤ አዘጋጁ ይቆራርጣል፣ ያቀናጃል። ከዚያ ተመራማሪው አስተርጓሚ አጠገቡ አስቀምጦ ያዳምጠዋል፤ የሚረጨው መድኃኒት መጠን ተዛብቶ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነውና። ይህን ደረጃ የዘለለ ጣቢያ ሰው ሊመርዝ ይችላል። ስልክ ባለበት ዘመን ይህ ሁሉ ድካም ለምን ለሚል መልሱ አጭር ነው፤ ሬዲዮ የኢንተርኔት ጥቅል አያስገዛም፣ ማንበብም አይጠይቅም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል፤ ለዕረፍት የሚበተነውም ክረምት ሲገባ፣ ልክ ገበሬው ምክር በሚሻበት ሰዓት ነው። እውነት ነው፤ በተማሪ ብቻ የቆመ ጣቢያ ሐምሌ ላይ ሙዚቃ ብቻ ያሰማል። ጥቂትም ቢሆኑ ከአካባቢው የተቀጠሩ ቋሚ አዘጋጆች ያስፈልጋሉ፤ ገንዘቡ መውጣት ያለበት ከሁሉ በፊት ለእነሱ ነው፣ ለአዲስ ስቱዲዮ ምንጣፍ አይደለም። ሁለተኛው ክስ የዩኒቨርሲቲ ጣቢያ መጨረሻው የሕዝብ ግንኙነት ልሳን መሆን ነው የሚል ነው። የሴኔት ስብሰባ፣ የእንግዶች ጉብኝት፣ የምረቃ ንግግር ዜናውን ከሞሉት ክሱ ልክ ነው። ነፃነት ቢሰጠውስ፣ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መተከል ላይ ያን ያህል ደም በፈሰሰበት ክልል አደገኛ አይሆንም ወይ? አደጋው አለ፤ ግን ጣቢያው ዝም ሲል የሚናገረው አሉባልታ ነው። የቀጥታ ስልክ ውይይት በጥቂት ሰከንድ መዘግየት ይተላለፍ፤ ግጭት ነክ ወሬ ቢያንስ ከሁለት ወገን ሳይጣራ አይነበብ፤ ስህተት ሲገኝም በተነገረበት ቋንቋና ሰዓት ይታረም።

ይህ እንዲሆን ጣቢያው ከሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ሥር ወጥቶ ለቦርድ ተጠሪ መሆን አለበት፤ በጀቱም ዓመቱ ሲጀምር ተለይቶ ይያዝ፤ በመሐል አንድ ዜና ስላስቆጣ የሚቀነስ መሆን የለበትም። ዩኒቨርሲቲው በቦርዱ ላይ ድምፅ ይኑረው፣ ብልጫ ግን አይኑረው። ከወንበሮቹ አንዱን ለጾሬ ስደተኞች ተወካይ እሰጥ ነበር። ስደተኛ በዚህ ምን አገባው የሚል ይኖራል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሥራ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብታቸውን አስፍቷል፤ የአድማጭነት መብታቸው ከዚያ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም በኩርሙክ በኩል በሱዳን ድንበር ላይ ምን እንደተፈጠረ ወሬው ቀድሞ የሚደርሰው ለእነሱ ነው፤ ዜና ክፍሉ ደውሎ የሚጠይቀው ሰው ከፈለገ ከዚያ ይጀምር።