«ፓራማውንት ቺፍ»፦ ከንጉሥ በታች፣ ከሽማግሌ በላይ

«ፓራማውንት ቺፍ»፣ ማለትም የበላይ አለቃ፣ የእንግሊዝ አስተዳደር በኬንያ ለመረጣቸው የአገር ተወላጆች የሰጠው ማዕረግ ነው። ናይሮቢ ውስጥ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ ሪሩታ የሚገኘው የቴክኒክ ማሠልጠኛ «ፒ.ሲ. ኪንያንጁዪ» የተባለው በኪኩዩው ፓራማውንት ቺፍ በኪንያንጁዪ ዋ ጋቲሪሙ ስም ነው።

ይህን ማዕረግ ከንጉሥነት ጋር አቻ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 (እ.ኤ.አ.) ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃም ንጉሥ ሲያደርጓቸው ዘውድ ጭነውላቸዋል፤ ገባርም ቢሆኑ ንጉሥ ነበሩ። ቺፍነት ግን የአስተዳደሩ ሹመት ነው፤ አንዱን ከዙፋን ያወርዳል፣ ሌላውን ዙፋን በሌለበት ያነሣል። ሙሚያ ከ1882 ጀምሮ የዋንጋ ሕዝብ ናቦንጎ፣ ማለትም ንጉሥ ነበሩ፤ በ1909 ፓራማውንት ቺፍ ሲባሉ ተሿሚ ሆኑ። በአንጻሩ ኪኩዩ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በ«ኪያማ» ይተዳደር ስለነበር ኪንያንጁዪ የሚወርሱት አልጋ አልነበረም።

የማዕረጉ ጠባይ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው እንግሊዞች ከማሳይ ሕዝብ ጋር በተዋዋሏቸው ውሎች ላይ ነው። የማሳዩ ሌናና «ላይቦን» ነበሩ፤ ላይቦን ባርኮ ይሸኛል፣ ትንቢት ይናገራል እንጂ አገር አይገዛም። በ1904ቱ ውል ላይ የፈረሙትም በዚሁ በላይቦንነታቸው ነው። ማሳይ በዚያ ውል ከባቡር መስመር አካባቢ ያለውን የስምጥ ሸለቆ ግጦሽ ለነጭ ሰፋሪዎች ለቅቆ በሁለት ክልል ተወሰነ፤ አንዱ በደቡብ፣ ሌላው ላይኪፒያ። በ1911 ሌናና ሞቱ። ላይኪፒያን ያስለቀቀው የዚያው ዓመት ውል ልጃቸውን ሴጊን ያቀረበው «የማሳይ ሁሉ ፓራማውንት ቺፍ» ብሎ ነው፤ ገና ልጅ ስለነበረ እንደራሴዎቹም አብረው ፈረሙ። ማሳዮች ቢከሱ ፍርድ ቤቱ በ1913 ውሉ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ ነው፣ ልመረምረው አልችልም ብሎ መለሳቸው። መሬት ሲለቅቁ እንደ ተገዢ፣ ፍትሕ ሲጠይቁ እንደ ባዕድ መንግሥት ተቆጠሩ።

ከነፃነት በኋላ ናይሮቢ የነበሩት የ«ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ» እና የ«ዱክ ኦፍ ዮርክ» ትምህርት ቤቶች ስማቸው ተለወጠ። የመጀመሪያው የብሪታንያ አልጋ ወራሽ፣ ሁለተኛው በልማድ የንጉሡ ሁለተኛ ልጅ ማዕረግ ነው። አንደኛው ናይሮቢ ትምህርት ቤት፣ ሌላው ሌናና ትምህርት ቤት ተባለ። ፓራማውንት ቺፍነት ቀርቶ፣ ዛሬ «ቺፍ» የሚባለው ደመወዝ የሚከፈለው የአካባቢ አስተዳዳሪ ነው። ሌናናን ንጉሥ ብሎ የሚጽፍ ሰው ክብር አይሰጣቸውም፤ የራሳቸውን ማዕረግ ይነፍጋቸዋል። ላይቦን ይበላቸው።