ክረምት ሲገባ የሚከፈት በር፦ የባሮ የእንፋሎት መርከቦች

ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ በገባበት ዘመን፣ ኢትዮጵያ በምዕራብ ዳርቻዋ ሌላ የውጭ በር አገኘች። በሩ ባሮ ወንዝ ነበር። ክረምት ገብቶ ውኃው ሲሞላ፣ ከካርቱም የተነሱ የእንፋሎት መርከቦች ሰው፣ ዕቃና ፖስታ ጭነው እስከ ጋምቤላ ይዘልቃሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ የኢሉባቦርን ቡና ይጭናሉ።

ነገሩ የተጀመረው በውል ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የምዕራቡን ድንበር ሲዋዋሉ፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር በሱዳን መንግሥት የሚተዳደር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ። ቦታው በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል በውሉ ሰፈረ። ጣቢያው ግን ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ጋምቤላ ላይ ተመሠረተ። መርከብ የሚደርሰው እስከዚያ ድረስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደጋው የሚያወጣው የበቅሎና የሸክም መንገድ ብቻ ነበር።

በናይል ላይ ይመላለሱ ከነበሩት መርከቦች ብዙዎቹ ከበስተኋላቸው ትልቅ የመቅዘፊያ መንኮራኩር ነበራቸው። በማገዶ የፈላ ውኃ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ ፒስተኑን፣ ፒስተኑም መንኮራኩሩን ያንቀሳቅሳል። በመንኮራኩሩ ዙሪያ የተደረደሩት ሳንቃዎች ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፉ መርከቧ ወደፊት ትሄዳለች። ጭነቱ የሚበዛው በራሷ ላይ ሳይሆን አብረዋት በታሰሩ ጀልባዎች ላይ ነው። በየመንገዱም ማገዶ የሚሞላባቸው ጣቢያዎች ነበሩ።

በመንኮራኩር የሚሄድ መርከብ ቀድሞ በውቅያኖስ ላይ ስሙ የገነነ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1838 «ሲሪየስ» እና «ግሬት ዌስተርን» የተባሉ፣ መንኮራኩራቸው በግራና በቀኝ ጎናቸው የነበረ ሁለት መርከቦች አትላንቲክን አቋርጠው በአንድ ቀን ልዩነት ኒው ዮርክ ገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኩናርድ ኩባንያ «ብሪታኒያ» በሊቨርፑልና በቦስተን መካከል የፖስታ አገልግሎት ጀመረች። ባሕር ላይ ግን መንኮራኩር ችግር ነበረበት። ማዕበል መርከቧን ሲያዘነብላት አንዱ ጎን ከውኃ ይወጣል፤ ሌላው ከመጠን በላይ ይሰጥማል። ስለዚህ ከውኃ በታች የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ቀስ በቀስ ቦታውን ወሰደ።

ጥልቀት በሌለው ወንዝ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መንኮራኩሩ የሚቀዝፈው ከውኃው ገጽ አጠገብ ስለሆነ፣ መርከቧ ብዙ ጥልቀት አያስፈልጋትም። ለባሮ የሚስማማውም ይኸው ነበር።

መንገዱ ረጅም ነው፦ ከካርቱም በነጭ ናይል ሽቅብ፣ ከማላካል አጠገብ ወደ ሶባት ወንዝ ታጥፎ፣ በናስር በኩል ወደ ባሮ። ወንዙ ለመርከብ የሚመቸው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ በመሆኑ በኢሉባቦር የጎሬና የቡሬ ነጋዴ ሥራውን ከውኃው ጋር ማስማማት ግድ ነበረው። ቡናውና ሰሙ በጊዜ ወርዶ ጋምቤላ መድረስ አለበት። ወደ ደጋው የሚወጣው በዋናነት ጨውና የጥጥ ጨርቅ ነበር። በዚህ ንግድ ከኢትዮጵያውያን ጋር ግሪኮችና ሶርያውያን ተሳትፈዋል፤ የያኔዋ የኢሉባቦር መዲና ጎሬም በዚሁ ንግድ ደመቀች።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጋምቤላ በሱዳን አስተዳደር ሥር ቆየች፤ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ.፣ በወርኃ ጥቅምት 1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በዚያን ጊዜ የመርከቡ ዘመን እያለፈ ነበር። የጭነት መኪና በጋ ከክረምት ይሠራል፤ መርከቧ ግን ዝናብ ትጠብቃለች። በደቡብ ሱዳን የተነሳው ጦርነትም የወንዙን ጉዞ አዳከመው።

ዛሬ ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ በመኪና ጋምቤላ ይደርሳል። የምዕራቡ ቡና ግን ለዓመታት የተጓዘው በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በውኃ ነው። የጅቡቲው ባቡር ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር የባሮ መርከቦችም አብረው ሊነሱ ይገባል፤ ያለ እነርሱ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ታሪክ ግማሹ ብቻ ነው።